ኮራል ላይ የሚያስኬድ ጫማ የት ይገኛል?

በቅርቡ ሲሼልስ ሄጄ ከአስጎብኚ ጋር ጥልቀት በሌለውና ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነገር) ባለበት ባሕር ውስጥ እየተራመድኩ በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ላጠምድ ነው። ስመኘው የኖርኩት ጉዞ ነው። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ያለኝ ልብስ ሹራብና ጋቢ ነው። ለፀሐዩ እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ሸሚዝ፣ ቶሎ የሚደርቅ ሱሪና የውሃ ነጸብራቅ የሚቀንስ መነጽር ገዝቻለሁ። ያስቸገረኝ ጫማ ነው። ሸራ ጫማ አድርጌ በረሳ ወንዝ ውስጥ ሞከርኩት። አሸዋው በጎን እየገባ ተረከዜን ላጠው፤ ሶሉም ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል። ክፍት ጫማ እንዳላመጣ አስጎብኚው አስጠንቅቆኛል፤ ኮራል እግር ይቆርጣል። ከባድ ቦቲም አይሆንም፤ የመጨረሻው በረራ በትንሽ አውሮፕላን ስለሆነ ሻንጣዬ ከ15 ኪሎ እንዳይበልጥ ተብያለሁ። ሶሉ ጠንካራ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ውሃ የሚያስወጣና ቀለል ያለ ጫማ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ የት አገኛለሁ?