የእናቴ ጉልበት፦ ይህ ሕመም በእርግጥ የዚህን ያህል የበዛ ነው?

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ሰኞ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ቀኑን ሙሉ አጭር ዱካ ላይ ትውልና ስትነሳ ጉልበቷ አልዘረጋ ይላታል። ቤታችን ዳገት ላይ ነው፤ እሷ ግን ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ይብስባታል። አሁን አሁን ሱጁድ ወርዳ መነሳት ስላቃታት ወንበር ላይ ሆና ትሰግዳለች። ይሄ አንጀቴን ይበላኛል። እሷ «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ትላለች። ራጅ ስትነሳ «ኦስቲዮአርትራይተስ» አሏት፤ ከዚያ በላይ ያስረዳን የለም። ሰፈሩን ብጠይቅ ሁሉም «እኔንም ጉልበቴን» ይለኛል። የእውነት ይህን ያህል ሰው ያመዋል?

ፊዚዮ ከኮምቦልቻ
እህቴ፣ አዎ፣ በጣም ብዙ ሰው ያመዋል። ኦስቲዮአርትራይተስ ማለት መገጣጠሚያ ውስጥ አጥንቶቹን የሚሸፍነው ልስልስ አጥንት እየሳሳ የሚመጣ ሕመም ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበረበት። ጉልበቱን የሚያመው ብቻ 365 ሚሊዮን ይሆናል። ከጠቅላላዎቹ ታማሚዎች 60 በመቶው ሴቶች ናቸው። 73 በመቶው ደግሞ ከ55 ዓመት በላይ ነው። ከዚያ በታች ያለውም ቀላል አይደለም፤ በወጣትነቱ ጉልበቱ የተጎዳ ሰው ቶሎ ይጀምረዋል።

ቁጥሩ እንደ አቆጣጠሩ ይለያያል። በራጅ ከተቆጠረ ይበዛል፣ የሚያመው ብቻ ከተቆጠረ ያንሳል። ራጁ ላይ ብዙ ጉዳት እየታየ ምንም የማይሰማቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህ እናታችን በራጁ አይደንግጡ። ግን ብዙ ሰው ስላለበት ብቻ ችለውት እንዲኖሩ አትተዋቸው! የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ሕመሙ ይቀንሳል። ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ እግራቸውን ቀጥ አድርገው ይዘርጉ፣ ትንሽ አቆይተው ያውርዱ፣ ሌላውንም እንዲሁ። በየቀኑ። ዱካውንም ከፍ ባለ ወንበር ቀይሩላቸው። ክብደት ካላቸው ጥቂት መቀነሱ ራሱ ለጉልበት ትልቅ እፎይታ ነው።

የወልድያው ልጅ
ማስታገሻውን ተጠንቀቂ። አባቴ ለጉልበቱ ብሎ ዲክሎፍናክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዛ ሲውጥ ከርሞ ጨጓራው ደማ። ኩላሊትም ይጎዳል፣ ግፊትም ከፍ ያደርጋል። አሁን የሚቀባውን ነው የሚጠቀመው፣ ተስማምቶታል።

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)
አላህ ይስጥልኝ። ወንበሩን ነገውኑ እገዛላታለሁ። ጠዋት ስትነሳ ግን ጉልበቷ ግትር ይልና ወዲያ ወዲህ ስትል ይለቃታል። ይሄስ ከዚሁ ነው?

ፊዚዮ ከኮምቦልቻ
ከዚሁ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይለቃል። አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ የሁለቱም እጅ ጣቶች ካበጡ፣ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ጉልበቱ ድንገት አብጦ ከጋለና ትኩሳት ከመጣ ግን ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዷቸው።