ለአምስት ሰው አንድ ማርክ?

የጣና ዳር፦ ስለ እምቦጭ ጎግል ዶክስ ላይ በቡድን የጻፍነው ተመለሰልን። አምስታችንም 14 ከ20። የጻፍነው ግን ሁለታችን ነን። ቅሬታ ስናቀርብ መምህራችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው ሸኙን። በጣም ነው ያናደደኝ።

ሰባታሚት፦ ተረቱ እኮ ሃምሳውም አንዳንድ ሎሚ ሲይዙ ነው። ሎሚውን ያልያዘ ጌጡ ከየት መጣ? መምህሩ የጎግል ዶክሱን የለውጥ ታሪክ ይክፈቱት። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጻፈ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ውክፔዲያም የየገጹን ታሪክ ያስቀምጣል።

ዘጌ፦ ቁልጭ አድርጎ አያሳይም! እኔ ስማር ላፕቶፕ አልነበረኝም። ከዓሣ አጥማጆች ጋር ውዬ የሰማሁትን በደብተር ጽፌ ለጓደኛዬ ሰጠኋት። የጻፈችው እሷ ናት። ታሪኩ ላይ ስሜ የለም። ዜሮ ይገባኝ ነበር?

የጣና ዳር፦ አንቺ ሎሚሽን ይዘሻል። የኛዎቹ ስልክ እንኳ አያነሱም።

ግሽ ዓባይ፦ እኔም አስተምራለሁ። በቃላት ብዛት ማርክ ሰጥቼ ተሸውጃለሁ። አንዱ ሦስት ገጽ ከኢንተርኔት ገልብጦ ለጠፈ። ሌላዋ «እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2011 ነው» የሚለው ላይ «እ.ኤ.አ.» ብቻ ጨመረች። ያለሷ በእኛ አቆጣጠር ይነበብ ነበር፤ የሰባት ዓመት ስህተት! ሦስት ፊደል ናት፤ ለእኔ ግን ከሦስቱ ገጽ ትበልጣለች። አሁን ግማሹን ማርክ ለጽሑፉ፣ ግማሹን በግል እሰጣለሁ። እያንዳንዱን አምስት ደቂቃ ስለጻፉት እጠይቃለሁ።

ሰባታሚት፦ ያንንም ያዩት እኮ ታሪኩን ከፍተው ነው፣ መምህር።

ግሽ ዓባይ፦ ከፍቼ አነበብኩት። አልቆጠርኩትም።

ዘጌ፦ 70 ተማሪ ቢኖር አምስት አምስት ደቂቃው ወደ ስድስት ሰዓት ነው። መምህሩ ከየት ያምጡት?

ሰባታሚት፦ ስለዚህ የተኛውም 14 ይውሰድ?

ዘጌ፦ እንደዛ አላልኩም። አፌ ላይ ቃል አታድርግ።

ግሽ ዓባይ፦ ሰዓቱ እውነት ነው። እኔ ለሁለት ሳምንት ከፋፍዬዋለሁ። ደክሞኛል፣ ግን ማን እንደገባው ለይቻለሁ።

የጣና ዳር፦ ነገ ታሪኩን አትሜ ቢሯቸው እሄዳለሁ።

ዘጌ፦ ሦስቱን ለምን እንደጠፉ ጠይቀሃቸዋል?

የጣና ዳር፦ ሁለቱን ጠይቄያለሁ። አንዷን አልጠየቅኳትም።

ዘጌ፦ ከመሄድህ በፊት ደውልላት።