ነፍስ ገነት ከገባች የሙታን ትንሣኤ ለምን ያስፈልጋል?

ጥያቄ — ሠርክ
ሰላም ለሁላችሁ። የሚከነክነኝን በቀጥታ ልጠይቅ። በጸሎተ ሃይማኖት «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» እንላለን። ለቅሶ ቤት የሚነገረው ማጽናኛ ግን ሁሉም ስለ ነፍስ ነው፤ «ዐርፏል፣ ገነት ገብቷል» ይባላል። ጌታም ለወንበዴው «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ብሎታል (ሉቃ. 23፥43)። ነፍስ ዛሬውኑ ገነት ከገባች፣ በመጨረሻው ቀን የሥጋ መነሣት ምን ይጨምርላታል? ደግሞስ የሚነሣው የትኛው ሥጋ ነው? አፈር ሆኖ፣ እህል አብቅሎ፣ ሌላ ሰው በልቶታል። ይህንን መጠየቅ ራሱ እምነት ማጣት ነው? «ዝም ብለህ እመን» አትበሉኝ፤ ከቃሉና ከትምህርቱ አሳዩኝ።

መልስ — የአብነት ተማሪ
ወንድሜ፣ የተጣበቁብህ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱ ሲለያዩ የመጀመሪያው ጥያቄህ ይፈታል። በተዋሕዶ ትምህርት ገነትና መንግሥተ ሰማያት አንድ አይደሉም፤ ሲኦልና ገሃነመ እሳትም እንዲሁ። ሰው ሲሞት ነፍሱ ከሥጋው ተለይታ እንደ ሥራዋ በገነት ወይም በሲኦል ትቆያለች። ጌታ ዳግም ሲመጣ ሥጋ ይነሣል፣ ከነፍሱ ጋር ይዋሐዳል፣ ፍርድ ይሆናል። መንግሥተ ሰማያትን መውረስም ሆነ ወደ ገሃነም መጣል ከዚያ በኋላ ነው። ለወንበዴው የተነገረው «በገነት» ነው። «ውረሱ» የተባለችው መንግሥት ግን የምትሰጠው የሰው ልጅ በክብሩ ሲመጣ ነው (ማቴ. 25፥31-34)።

ራእይ 6፥9-11ን ቀስ ብለህ አንብብ። ከመሠዊያው በታች ያሉት የሰማዕታት ነፍሳት «እስከ መቼ ድረስ» ብለው ይጮኻሉ። ነጭ ልብስ ተሰጥቷቸዋል፣ እንዲያርፉም ተነግሯቸዋል፤ ሆኖም ገና እየጠበቁ ናቸው። መጽሐፈ ሄኖክም የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን ተለያይተው የሚቆዩባቸውን ስፍራዎች ያሳያል፤ ምድርም በአደራ የተቀበለችውን እንደምትመልስ ይናገራል። የምዕራፉ ቁጥር ከእትም እትም ስለሚለያይ በርእሱ ፈልገው።

ሥጋ ምን ይጨምራል ላልከው፦ ሰው ማለት ነፍስ ብቻ አይደለም። የጾመውም፣ የሰገደውም፣ የበደለውም ነፍስና ሥጋ አብረው ነው፤ ዋጋውንም አብረው ይቀበላሉ (2 ቆሮ. 5፥10)። ሥጋን ነፍስ የታሰረችበት ወኅኒ አድርጎ ማሰብ የግሪክ ፈላስፎች ነገር ነው። አቴናውያን ጳውሎስን በትዕግሥት ሲሰሙት ቆይተው የሙታንን ትንሣኤ ሲያነሣ ያፌዙበት ለዚህ ነው (ሐዋ. 17፥32)። ቃል ሥጋ ሆነ፣ በሥጋው ተነሣ፣ በሥጋው ዐረገ ብለን የምናምን ሰዎች ሥጋን እንደሚጣል ልብስ ልናይ አንችልም። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር (የቤተ ክርስቲያን መሠረታዊ ትምህርቶች) የመጨረሻው ትንሣኤ ሙታን የሆነው፣ ከምሥጢረ ቁርባንም ቀጥሎ የምንማረው በከንቱ አይደለም። ዮሐ. 6፥54 ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይዟቸዋል፤ ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ የዘለዓለም ሕይወት «አለው»፣ በመጨረሻው ቀንም «አስነሣዋለሁ» ይላል። ሕይወቱ አሁን ይጀምራል፣ በትንሣኤ ይፈጸማል።

መልስ — ቤርያ
እኔ ከወንጌላውያን ወገን ነኝ። ስለ ፍትሐትና ስለ ተዝካር ከላይ ከጻፈው ወንድም ጋር አንስማማም ይሆናል፤ እሱ ለሌላ ቀን ይቆይ። በዋናው ነጥብ ግን ልዩነት የለንም፤ ተስፋችን የሥጋ ትንሣኤ ነው።

ሰው የሚሳሳተው 1 ቆሮንቶስ 15ን ቆራርጦ ሲያነብ ነው። 58 ቁጥር ነው፤ በአንድ ተቀምጦ ይነበባል። እስከ ቁጥር 11 ድረስ ምስክሮቹን ይቆጥራል፦ ኬፋ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ ከአምስት መቶ የሚበልጡ ወንድሞች፣ ያዕቆብ፣ ሐዋርያት፣ በመጨረሻም ጳውሎስ ራሱ። ከአምስት መቶዎቹ የሚበዙት ደብዳቤው ሲጻፍ በሕይወት አሉ፤ የተጠራጠረ ሄዶ መጠየቅ ይችል ነበር ማለት ነው። ከ12 እስከ 19 ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከቱም እምነቱም ከንቱ መሆኑን ሳይሸሽግ ይናገራል። «የሚነሣው የትኛው ሥጋ ነው?» የሚለው የአንተ ጥያቄ የሚመጣው ገና በ35 ነው። ጳውሎስ መጀመሪያ የክርስቶስን ትንሣኤ አጽንቶ ወደ እኛ አካል ይሄዳል፤ አንተም በዚያው ቅደም ተከተል ሂድ። ከ35 የጀመረ ሰው መሠረት ሳይጥል ጣሪያ ይሠራል።

ብዙዎች የሚደናቀፉት በ44 እና በ50 ነው። «መንፈሳዊ አካል» ሲባል አካል የሌለው መንፈስ ይመስላቸዋል፤ «ሥጋና ደም መንግሥትን አይወርሱም» ሲባል ደግሞ ሥጋ የሚቀር ይመስላቸዋል። በ53 ግን «ይህ የሚጠፋው» የማይጠፋውን ይለብሳል ይላል፤ ያው ራሱ ተለውጦ ነው እንጂ በሌላ ተተክቶ አይደለም። ጌታም ከትንሣኤው በኋላ ሥጋና አጥንት እንዳለው አሳይቷል፣ የተጠበሰ ዓሣ በፊታቸው በልቷል (ሉቃ. 24፥39-43)፤ በሮቹም ተዘግተው ሳለ መጥቶ በመካከላቸው ቆሟል (ዮሐ. 20፥19)። ሁለቱንም አብረህ ያዝ።

መክብብ 9፥5ን ይዘው ነፍስ እስከ ትንሣኤ ምንም አታውቅም የሚሉ አሉ፤ አድቬንቲስቶች እንዲህ ያስተምራሉ። እኔ ፊልጵስዩስ 1፥23 እና ሉቃስ 20፥38 ከዚያ ጋር አይሄዱልኝም። እነርሱም ቢሆኑ የሥጋን ትንሣኤ አይክዱም።

ጥያቄ — ሠርክ
ሁለታችሁም እግዜር ይስጥልኝ፤ የገነትና የመንግሥተ ሰማያት ነገር ገብቶኛል። የቀረኝ የሥጋው ጉዳይ ነው። በእሳት ተቃጥሎ አመዱ ስለ ተበተነ፣ ባሕር ስለ ዋጠው ሰውስ ምን ይባላል? መቃብር እንኳ የለውም።

መልስ — የታሪክ አንባቢ
ይህን ጥያቄ አሳዳጆችም አስበውበታል። እ.ኤ.አ. በ177 በጎል ምድር (በዛሬዋ ፈረንሳይ) በሊዮን ከተማ ክርስቲያኖችን ከገደሉ በኋላ አስከሬናቸውን አቃጥለው አመዱን ሮን ወንዝ ውስጥ በተኑት፤ ዓላማቸው የትንሣኤ ተስፋ እንዳይኖራቸው ማድረግ ነበር። አውሴብዮስ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ 5ኛ መጽሐፍ ጽፎታል። ቤተ ክርስቲያን ግን ሰማዕታት ብላ አከበረቻቸው፤ የተነፈጋቸው ትንሣኤ አለ አላለችም። ራእይ 20፥13ም ባሕር በውስጧ ያሉትን ሙታን እንደምትሰጥ በግልጽ ይናገራል።

ሥጋውን ሌላ ሰው ቢበላውስ የሚለውንም የሂጶው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው ሥራው በ22ኛው መጽሐፍ አንሥቶታል። መልሱ፣ ሥጋው ለመጀመሪያው ባለቤት ይመለሳል፤ ወደ አየር የተነነውንም እግዚአብሔር መመለስ ይችላል የሚል ነው።

እኔ ግን ጥያቄው የቆመበት ግምት ራሱ ልክ አይመስለኝም። በሕይወት እያለንም ሥጋችን አንድ ዓይነት ቅንጣት ይዞ አይቆይም፤ አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ወደ 120 ቀን ኖሮ በሌላ ይተካል። የዛሬ ሃያ ዓመት የነበረህ ደም ዛሬ የለም፤ አንተ ግን ያው ነህ። ማንነትህን የያዘው የቅንጣቶቹ ቆጠራ ካልሆነ፣ አመዱ መበተኑ ለፈጣሪ እንቅፋት የሚሆነው እንዴት ነው? ጳውሎስም የዘራኸው ቅንጣት የሚሆነውን አካል አይደለም፤ አካል የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው ይላል (1 ቆሮ. 15፥37-38)።

መልስ — የአብነት ተማሪ
መጠየቅ እምነት ማጣት ነው ወይ ያልከው ሳይመለስ እንዳይቀር። ማቴ. 28፥17ን እይ፤ የተነሣውን ጌታ አይተው ሲሰግዱ «የተጠራጠሩ ግን ነበሩ» ይላል፤ ታላቁ ትእዛዝ የተሰጠው ለእነዚያው ሰዎች ነው። ከፋሲካ በኋላ ያለው ማክሰኞ «ቶማስ» ተብሎ ይጠራል፤ በዳግም ትንሣኤ እሑድም ጎኑን ካልዳሰስኩ ስላለው ስለዚሁ ሐዋርያ የሚናገረው ወንጌል ይነበባል። የሚጎዳው ጥያቄውን ይዞ ብቻውን መቀመጥ ነው። ቶማስ መልሱን ያገኘው ከስምንት ቀን በኋላ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ነው፤ አንተም ለንስሐ አባትህ እንደጻፍክልን አድርገህ ንገራቸው።

ለቅሶ ቤት ስትሄድ ደግሞ «ገነት ገብቷል» ብለህ አትፍረድ፤ ፍርዱ የእኛ አይደለም። «ነፍስ ይማር» ጸሎት ስለሆነ ሁልጊዜ ትክክል ነው። ሐዘንተኛው ሊሰማህ በሚችልበት ሰዓት 1 ተሰ. 4፥13-18ን አንብብለት። ጳውሎስ እዚያ ማዘንን አይከለክልም፤ የሚከለክለው ተስፋ እንደሌላቸው ማዘንን ነው፤ የሚያጽናናውም በጌታ መምጣትና በሙታን መነሣት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ግን አጠገቡ መቀመጥህ ከንባብም ይቀድማል።