ቀልብ መሰብሰብ ለሕግ ሰዎች፦ የቅዳሜው ሐሳብ

ጠበቃዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። ለማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ የምናስገባው ረቂቅ ይኸው፣ አስተካክሉት። ቱሉ ዲምቱ ያለን አባላትና የሕግ ተማሪዎች ቅዳሜ ጠዋት ማይንድፉልነስ፣ ማለትም ቀልብን አሁን በያዝነው ነገር ላይ ማቆየትን፣ እንለማመድ ነው የምለው። ምን አነሳሳሽ ካላችሁ፣ ባለፈው ዓመት ዳኛው "ለጥቅምት 12" ሲሉ ጆሮዬ ሰምቷል፤ እጄ ግን 22 ጻፈ። ቀልቤ ቀጣዩ መዝገብ ላይ ነበር። በ22 ፋይሌን ታቅፌ ስሄድ መዝገቡ ተዘግቷል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 74 የተዘጋ መዝገብ ለማስከፈት የ1 ወር ጊዜ ስላለ አመለከትኩ። ግን "በቂ ምክንያት" የሚለው ላይ ምን ይጻፋል? ቀልቤ አልነበረም ይባላል?

ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የጀመረው የማይንድፉልነስ ሥልጠና 8 ሳምንት ነው። እኛም 8 ቅዳሜ ብንይዝ? እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ደግሞ ወደ 13 ሺህ የአሜሪካ ጠበቆችን ጠይቆ 28 በመቶው የድባቴ ምልክት አለባቸው ይላል። መግቢያው ላይ አስገብቼዋለሁ።

የ5ኛ ዓመት ተማሪ፦
እትዬ፣ 8 ቅዳሜ ከመውጫ ፈተና ዝግጅት ጋር አይሆንልንም። 4 ይሁን። ልምምዱ ግን ያስፈልገናል። ትናንት ማታ አንድ አንቀጽ ሦስቴ አንብቤ ምንም አልገባኝም፤ ከቴሌግራም ግን አንድ መልእክት አላመለጠኝም።

ጡረተኛው ዳኛ፦
ልጆች፣ 28 በመቶውን አውጡት። አሜሪካዊውን መርምሮ ለእኛ መድኃኒት ማዘዝ ነው። የአንቺ 12 እና 22 ይበቃል። ስሙንም ቀይሩ። ሜዲቴሽን ነገር ሲመስለው "ከሃይማኖቴ ውጭ ነው" ብሎ የሚቀር አለ። "ቀልብ መሰብሰብ" በሉት። ትንፋሽን መከታተል፣ ሐሳብ ሲሸሽ ማወቅ፣ ሳይቆጡ መመለስ፤ ይኸው ነው። እኔ ቀጠሮ ከመስጠቴ በፊት ብዕሬን አስቀምጬ አንዴ በደንብ እተነፍስ ነበር። ያስተማረኝ የለም። ማመልከቻሽስ ምን ሆነ?

የሕግ አማካሪው፦
የኮንዶሚኒየሙን ኮሚናል ጠይቄያለሁ። እስከ 4 ሰዓት ነጻ ነው፣ ከዚያ ሰርግም ለቅሶም ይገባበታል። ስልክ በር ላይ ካርቶን ውስጥ ይቀመጥ። ቅዳሜ መደበኛ ችሎት የለም፣ ሰበብ አይሠራም።

ጠበቃዋ፦
ጋሼ፣ መዝገቡ ተከፍቷል፤ ኪሳራውን ግን ከኪሴ ከፈልኩ። ረቂቁን አስተካክያለሁ፦ 4 ቅዳሜ፣ ከ2፡30 እስከ 3፡10፣ አሜሪካኖቹ ወጥተዋል። የመጨረሻው ቅዳሜ አንዳችን ቀጠሮ እየሰጠን ሌላው ይጻፍ፣ እንፈተሽ። ካርቶኑን እኔ አመጣለሁ። የሚጨምር ካለ እስከ ሐሙስ ይጻፍ፣ ዓርብ አስገባለሁ።