ከንፈር ላይ የሚወጣ ምች በቤት ውስጥ እንዴት ቶሎ ይድናል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። እሑድ ቀትር ላይ ያለ ባርኔጣ ጣና ዳር ስመላለስ ውዬ፣ ማታ የከንፈሬ ጥግ ይቆጠቁጠኝ ጀመር፤ ጧትም ውሃ የቋጠሩ ሦስት ትንንሽ እብጠቶች ወጥተውበት አገኘሁ። እናቴ ዳማከሴ አሽታ ልትቀባኝ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርዎት። የዚህ ምች መነሻ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የተባለ ቫይረስ ሲሆን፣ አንዴ ከገባ በኋላ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ብርቱ ፀሐይ፣ ትኩሳት ወይም ድካም ሲያጋጥም ይቀሰቀሳል። ከመድኃኒት ቤት 5 በመቶ አሲክሎቪር ቅባት ገዝተው በቀን 5 ጊዜ ይቀቡ፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ገና መቆጥቆጥ ሲጀምር ነው። ያለ መድኃኒትም አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ገደማ ይድናል።

መልስ፦ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለጥቂት ደቂቃ ቢይዙበት ሕመሙን ያስታግሳል፤ ቅርፊቱ እንዳይሰነጠቅም ቫዝሊን ይጠቅማል። ዳማከሴውን እኔም ጨምቄ በቡና እጠጣለሁ፤ በፈነዳ ቁስል ላይ ጥሬ ቅጠል ማሸት ግን ሊያመረቅዝ ስለሚችል ይቅርብዎት።

መልስ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። በቤታችሁ ጨቅላ ሕፃን ካለ፣ ቁስሉ ፈጽሞ እስኪድን ድረስ እባክዎ አይሳሙት፤ ቫይረሱ ለአራስ ልጅ ሕይወት አስጊ ነው። ዓይንዎን ከቆጠቆጠዎት ደግሞ ዛሬውኑ ሐኪም ይዩ።