ኮክሌር ኢምፕላንት ተተክሎለት ስሙ ሲጠራ አይዞርም፣ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

የደሴዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ፣ ሆጤ ነኝ። ልጄ 4 ዓመቱ ነው። ኮክሌር ኢምፕላንት (በቀዶ ሕክምና ጆሮ ውስጥ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ) ተተክሎለት ማሽኑ፣ ማለትም ከውጭ ራሱ ላይ የሚለጠፈው ክፍል፣ ከበራለት ወራት አልፈዋል። በር ሲንኳኳ ይዞራል፣ ቡና ሲወቀጥም ወደ ሙቀጫው ሮጦ ይመጣል። ስሙ ሲጠራ ግን ወይ ፍንክች! ቤተሰቡ እየተፈራረቀ ሲጠራው ይውላል፣ አሁንማ ጭራሽ ማሽኑን ከራሱ ላይ ነቅሎ መወርወር ጀምሯል። አማቴ ደግሞ «በእጅ ምልክት አታናግሩት፣ ይሰንፋል» ይላሉ። ባለሙያው ያለው አዲስ አበባ ነው፣ በየሳምንቱ አይኬድ ነገር። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ኮምቦልቻ ነኝ፦
አብሽሪ እህቴ፣ የኔም ልጅ እንደዚሁ ነበረች። መጀመሪያ ስሙን በከንቱ መጥራት ተዉ። ዞሮ ምንም ካላገኘ ለምን ይዞራል? ቴሌቪዥኑን ዝጉና አንድ ሰው ብቻ ከጀርባው ጠጋ ብሎ ይጥራው። ከዚያ ዝም በሉ፣ እኛ እኮ ልጁ ሳያስብ ሦስቴ እንደግመዋለን። ካልዞረ ሌላ ሰው ነካ አድርጎት ጆሮውን እያሳየ «ተጠራህ!» ይበለው። ሲዞር ደግሞ የሚወደው ነገር ይጠብቀው።

የንግግር ባለሙያ፦
የመስማት ዕድሜው የሚቆጠረው ማሽኑ ከበራበት ቀን ጀምሮ ነው፣ ስለዚህ በጆሮ ገና ሕፃን ነው። ጠዋት ጠዋት አፍሽን ሳያይ እነዚህን 6 ድምፆች አሰሚው፦ አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ም፣ ሽ፣ ስ። በሰማ ቁጥር አንድ ባቄላ ኩባያ ውስጥ ይጣል። ትናንት የሰማውን ዛሬ ካልሰማ ባትሪውንና ገመዱን እዪ፣ ካልተስተካከለ ባለሙያው ጋ ደውይ። ማሽኑን መንቀሉም ሁሌ ጥጋብ አይደለም፣ ድምፁ በዝቶበት ሊሆን ስለሚችል ምን ሲሰማ እንደሚነቅል መዝግቢና በማፒንግ ቀን፣ ማለትም ባለሙያዎቹ የማሽኑን ድምፅ ለልጁ በሚያስተካክሉበት ቀን፣ ንገሪያቸው።

ቃላት ስትጀምሩ ርዝመታቸው በደንብ የሚለያይ ይሁን፣ «በግ» እና «ዝንጀሮ» ዓይነት። «ተራ» እና «ጠራ»ን ለመለየት ገና ነው። ደግሞ «በል እስቲ ድገም» እያሉ ሲፈትኑት መዋል ልጁን ያስመርረዋል። እንጀራ ስትጋግሪ «ምጣዱ ጋለ፣ አሁን ሊጡን ላፍስ» እያልሽ አውሪው፣ ትምህርቱ እሱ ነው።

ባለማሽኑ፦
እኔ ካደግሁ በኋላ ነው የተተከለልኝ። ምልክቱን እንዳታስጥሉት! ገላውን ሲታጠብ፣ ሲተኛ፣ ባትሪ ሲያልቅ ምንም አይሰማም፣ ያኔ በምን ልታናግሩት ነው? ማሽኑ ድምፁን በኤሌክትሪክ ለነርቩ ያቀብላል፣ የተፈጥሮ ጆሮ አይሆንም። መጀመሪያ አካባቢ የሰው ድምፅ ሁሉ የቆርቆሮ ኳኳታ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ሚኒባስ ውስጥ ዘፈን ተከፍቶ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ግማሹን ወሬ ከከንፈር ነው የማነበው።

ኮምቦልቻ ነኝ፦
ረስቼው፣ የደሴ ክረምት እርጥበቱ አይቻልም። ማታ ማታ ማሽኑን እርጥበት ማድረቂያው ዕቃ ውስጥ አስቀምጪው። መብራት ሲመጣም ትርፍ ባትሪውን ቶሎ ቻርጅ አድርጊ።

የደሴዋ እናት፦
ኑሩልኝ! አንድ ነገር ብቻ፦ አማቴ እንዲሰማቸው ይጮሁበታል፣ ችግር አለው?

የንግግር ባለሙያ፦
ጩኸት ቃሉን ያዛባዋል። ክንድ በሚያህል ርቀት ጠጋ ብለው እንደ ወትሮው ያውሩት።