አባታችን የተዉልንን አሮጌ ጠመንጃዎች የት ልሽጥ? ገበያውስ አሁን እንዴት ነው?

የጋርላንዱ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ እንደምን ናችሁ። አባታችን በቅርቡ ኮሎምበስ ኦሃዮ አርፈው እኔና ወንድሜ ቤታቸውን እያስተካከልን ነው። ቤዝመንት ውስጥ ሴፍ ነበራቸው ስንከፍተው ሦስት አሮጌ ጠመንጃና አንድ ሽጉጥ አገኘን፣ ጠመንጃ እንደሚሰበስቡ እናውቅ ነበር ግን ዝርዝሩን ነግረውን አያውቁም። አንዱ ጠመንጃ ላይ አንበሳ ተቀርጾበታል። እኔ የምኖረው ዳላስ አካባቢ ነው፣ ስለ መሣሪያ የማውቀው ነገር የለም። እዛው ኮሎምበስ አንድ ሱቅ ወስጄ ሳሳይ ሰውየው አንድ በአንድ እንኳን ሳያይ ለአራቱም በጅምላ 900 ዶላር እሰጥሃለሁ ገበያው ሞቷል አለኝ። እውነት ሞቷል እንዴ? ልስጠው ወይስ ወደ ቴክሳስ ይዤው ልምጣ? ይዞ መምጣትስ ይቻላል? ወንድሜ በተማሪ ቪዛ ነው ያለው፣ መሣሪያዎቹ ለጊዜው እሱ አፓርታማ ይቀመጡ ብለን ነበር።

አዳኙ፦
ወንድሜ እግዜር ያጥናችሁ፣ ነፍሳቸውን ይማር። በመጀመሪያ ደረጃ ምንም አትሽጥ። ሁለተኛ እያንዳንዱ ባዶ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ያረጋግጥልህ፣ አሮጌ ጠመንጃ ውስጥ ጥይት ተረስቶ መገኘት የተለመደ ነው። ሦስተኛ እባክህ ወንድምህ ጋር እንዳይቀመጥ!! በተማሪም በጎብኚም ቪዛ ያለ ሰው መሣሪያ መያዝ በፌደራል ሕግ ክልክል ነው፣ የአደን ፈቃድ ምናምን የሚሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ ግን የወንድምህን ቪዛ ለዚህ ብላችሁ አደጋ ላይ አትጣሉት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌላ ነው እሱ ይችላል። ሴፉ እዛው ተቆልፎ ይቆይ፣ ቁልፉም ኮዱም አንተ ጋር ይሁን።

እመቤት፦
ወንድሜ አፈሩን ያቅልላቸው። እኔ የምሠራው ውርስ የሚያይ ጠበቃ ቢሮ ስለሆነ የምነግርህ ከዛ በኩል ነው። ብዙ ጊዜ ተራ ሰው ከአንድ ስቴት ወደ ሌላ ስቴት ነዋሪ መሣሪያ ማስተላለፍ አይችልም፣ ፈቃድ ያለው መሣሪያ ሻጭ (ዲለር) መሀል መግባት አለበት። ውርስ ግን በ1968ቱ የፌደራል ሕግ ላይ በግልጽ የተፈቀደ ነው፣ ኑዛዜ ቢኖርም ባይኖርም። ስለዚህ አንተ ራስህ መያዝ የማትከለከል ከሆንክ ኦሃዮ ካለው የአባትህ ውርስ ተረክበህ ቴክሳስ ማስገባት ትችላለህ። የሞት ሰርተፊኬቱንና የውርስ ወረቀቱን ኮፒ አብረህ ያዝ።

ሌላው ሰው የሚረሳው ግብሩን ነው። አባትህ ባረፉበት ቀን ዕቃው ስንት ያወጣ ነበር የሚለው ነው ላንተ እንደ መግዣ ዋጋ የሚቆጠረው። ዛሬ በጽሑፍ ግምት አሠርተህ ካስቀመጥክ ቶሎ ስትሸጥ ትርፍ የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል፣ ካላሠራህ ግን ነገ በምን ታስረዳለህ? እንደዚህ ዓይነት የሚሰበሰብ ዕቃ ትርፍ ላይ የፌደራል ግብሩ እስከ 28 ፐርሰንት ይደርሳል ከስቶክ ይበልጣል። ግምቱን የሚሰጥህ ሰው ደግሞ ሊገዛህ የሚፈልገው ሰውዬ ራሱ ባይሆን ጥሩ ነው።

የጋርላንዱ (ጠያቂ)፦
ተባረኩ። ወንድሜን አስወጥቼዋለሁ ከነገሩ፣ ኮዱን እኔ ብቻ ነው የያዝኩት። አንድ ጎረቤት አዛውንት የቀድሞ ወታደር መጥተው ሁሉንም ባዶ መሆናቸውን አይተውልኛል። ያየሁትን ልጻፍላችሁ፦ አንደኛው አጭር ነው፣ በርሜሉ ከገባበት ብረት ላይ አክሊል የደፋ አንበሳ አለ፣ ሰደፉ ጠቁሯል ጭረት በጭረት ነው፣ በርሜሉ ላይ ደግሞ በጣም ደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ የአሜሪካ ከተማ ስም ይመስላል። ሁለተኛው በጣም ረጅም ነው ከእኔ ትከሻ ይደርሳል፣ ጎኑ ላይ ሳን ኤትየን እና 1874 ይላል። ሦስተኛው ቀላል አጭር ነው ኢንላንድ ይላል። ሽጉጡ ግሎክ 22 ነው። የሴፉ ወለል ላይ ደግሞ በአባዬ እጅ ጽሑፍ የተሞላ ደብተር አለ፣ ቀን፣ ቁጥር፣ ከማን እንደገዛ ሁሉ።

የድሮ ብረት፦
ልጄ 900 ብር ብሎህ ነው? እግዜር ይይለት። ኢንላንዱ ብቻውን ከዛ በላይ ነው። ቀስ ብዬ ልንገርህ።

አንበሳው ያለበት እኛ ቤልጅግ የምንለው ነው፣ ኤፍኤን ፋብሪካ የሠራው ማውዘር፣ ጣሊያን በፈረንጅ 1935 ሳይወር ጃንሆይ ከቤልጅየም ያስመጡት ዓይነት። ደቃቁ ጽሑፍ የአስመጪ ምልክት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ከውጭ የገባ መሣሪያ ላይ በሕግ ይመታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአሜሪካ አስመጪ ከኢትዮጵያ የቆዩ ጠመንጃዎች በብዛት አምጥቶ ሲሸጥ ነበር፣ ቤልጅግ፣ ካርካኖ የሚባለው የጣሊያን ጠመንጃ፣ ውጅግራ፣ ካርባይን ሁሉ ነበረበት፣ አባትህም ከዛ የገዙ ይመስለኛል። ደብተሩን እየው እዛ ይኖራል። አብዛኞቹ የመጡት እንዳንተው ሰደፋቸው የተጎዳ በርሜላቸው የዛገ ሆነው ነው፣ ግን አንበሳው በደንብ የሚነበብበት ሰብሳቢ ይፈልገዋል፣ ሐበሻው ደግሞ ከፈረንጁ እኩል ይፈልገዋል።

ረጅሙ ውጅግራ ነው፣ «ግራ» የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ። አያቶቻችን አድዋ ከወሰዷቸው ዓይነቶች አንዱ። እሱ በ1898 ወይም ከዛ በፊት ስለተሠራ በፌደራል ሕግ አንቲክ ነው፣ የዲለር ወረቀት አይጠይቅም። ኢንላንዱ ኤም 1 ካርባይን ነው፣ የጄኔራል ሞተርስ ክፍል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠራው። በጠቅላላው ከ6 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፣ አይቢኤም ሳይቀር ሠርቶታል፣ ጁክቦክስ የሚሠራው ሮክ ኦላም ሠርቶታል። ኢንላንድ በብዛት የሠራው ስለሆነ ከሮክ ኦላ ዋጋው ያንሳል ግን ደህና ካርባይን ዛሬ ከ1000 ዶላር በታች ማግኘት ከባድ ነው።

አንድ ነገር አደራ። አትወልውለው! አሸዋ ወረቀት፣ ቫርኒሽ፣ የብረት ማቅለሚያ እንዳይነካው። በቀጭን ዘይት የራሰ ጨርቅ ብረቱን አብስ በቃ። ያ የጠቆረው ሰደፍ የሰው እጅ ላብ ነው፣ ሰብሳቢ የሚከፍለው ለሱ ነው። ሰው አሳምሬ ልሽጠው ብሎ ሰደፉን ፍቆ ቀብቶ ግማሽ ዋጋውን ሲያጣ ስንቴ አይቻለሁ።

ሚኔሶታ ነኝ፦
ጋሽዬ ትክክል። እኔ የምጨምረው ቁጥሩን ማየት ነው፣ ብረቱ ላይ ያለው ቁጥርና መዝጊያው ላይ ያለው አንድ ከሆነ ፎቶ አንሳው። ከኢትዮጵያ የመጡት ብዙዎቹ ክፍላቸው ተቀላቅሏል ስለዚህ አንድ ዓይነት ከሆነ ዋጋ አለው። ደግሞ አትተኩስባቸው ማንም ሙያተኛ ሳያይ፣ በተለይ ቤልጅጉን።

ስፕሪንግ ልጅ፦
ወንድም ለምን ትደክማለህ ፌስቡክ ማርኬት ወይ ቴሌግራም ላይ ፎቶውን ልጠፈው፣ ውጅግራው ደግሞ የአያቴ ነው አድዋ ላይ የተዋጋበት ነው በል፣ የኛ ሰው ተሻምቶ ይወስደዋል እጥፍ ታወጣለህ።

እመቤት፦
ስፕሪንግ ልጅ እንደሱ አትምከረው ወንድሜ። ፌስቡክ ከ2016 ጀምሮ በግለሰብ መካከል የመሣሪያ ሽያጭ ከልክሏል አካውንቱ ይዘጋበታል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ማንን እንደምትሸጥለት አታውቅም፣ የዴንቨር ሰው ፓርኪንግ ሎት ላይ መጥቶ ብር ቆጥሮ ቢሰጥህና ብትሰጠው የፌደራል ወንጀል ነው፣ የሌላ ስቴት ነዋሪ ስለሆነ። ቴክሳስ ውስጥ ነዋሪ ለነዋሪ ያለ ዲለር ይቻላል፣ እኔ ግን እንደዛም ቢሆን ዲለር ጋር ሄዳችሁ ጥቂት ብር ከፍላችሁ የገዢው ጀርባ ቢጣራ (ቼክ ቢደረግ) ይሻላል ነው የምለው፣ ነገ መሣሪያው ሌላ ቦታ ቢገኝ በማን ስም እንደወጣ ወረቀት አለህ። ሜሪላንድ የምትኖሩ ደግሞ የቴክሳስን ምክር ለራሳችሁ አትውሰዱት ሕጋችሁ በጣም የጠበቀ ነው።

የድሮ ብረት፦
የአድዋውን ነገር እኔ ልመልስ። አድዋ የሞቱት ሰዎች ስም መነገጃ አይደለም። ደብተሩ ላይ አሜሪካ ውስጥ በስንት ብር እንደተገዛ ተጽፎ እያለ የአያቴ ነው ብሎ መሸጥ ማጭበርበር ነው፣ ገዢውም የኛው ሰው ነው የምታታልለው። ውጅግራው አድዋ ይዋል አይዋል በርሜሉ አይናገርም። የሚናገረው ወረቀት ነው፣ ይህ ልጅ ደግሞ ወረቀት አለው! ሰብሳቢ ያንን ደብተር ሲያይ ነው ደስ የሚለው፣ ከመሣሪያው ጋር የአባትህን ገጽ ኮፒ አድርገህ ስጥ።

አዳኙ፦
ገበያው ሞቷል ወይ ላልከው። ሁለት ገበያ ነው ያለው ወንድሜ። ተራው ያገለገለ መሣሪያ ቀዝቅዟል እውነት ነው፣ በ2020 ኮቪድ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲገዛ የኤፍቢአይ የገዢ ማጣሪያ ቼክ ከ39 ሚሊዮን በላይ ሄዶ ነበር፣ ያኔ የተገዛው ነው አሁን ተመልሶ ሱቅ የሚመጣው፣ ሼልፉ ሞልቷል። ግሎክ 22ህ እዚህ ውስጥ ነው። እንደውም እሱ በተለይ ርካሽ ነው ምክንያቱም ፖሊሶች በፊት ይይዙት የነበረው፣ ፎርቲ ካሊበር የሚባለውን ጥይት የሚጎርሰው ነው፣ ኤፍቢአይ ወደ 9 ሚሊሜትር ሲመለስ መምሪያዎቹም ተከትለው ግሎክ 22ቸውን በካርቶን እየሸጡ ገበያውን ሞሉት። ለሱ ብዙ አትጠብቅ፣ ሱቁ የሚሰጥህን አወዳድረህ ሽጠው።

የድሮ ወታደር መሣሪያ ግን ሌላ ነው። ሞሲን ናጋንት የሚባለው የሩሲያ ጠመንጃ በ2010 አካባቢ ከ100 ዶላር በታች በሳጥን ይሸጥ ነበር፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ ዛሬ ብዙ እጥፍ ነው። ከሩሲያ የሚገባው በ2021 ተከለከለ፣ የምሥራቅ አውሮፓውም መጋዘን እየነጠፈ ነው፣ አዲስ የሚሠራው የለም። ከኢትዮጵያ የመጣውም ያው ነው ያለቀው አልቋል። ደግሞ አዲስ ነገር ዋጋ ሊያወርድም ይችላል ይሄን እወቀው፣ ኮልት ኩባንያ ፓይተን የሚባለውን ሽጉጡን በ2005 አቁሞ ነበር ዋጋው ሰማይ ወጣ፣ በ2020 እንደገና መሥራት ሲጀምር ለመተኮስ ብቻ የሚፈልገው ሰው ወደ አዲሱ ሄደ። አንበሳ ያለበት ቤልጅግ ግን ማንም እንደገና አይሠራውም።

ዋጋ ስታይ ገንብሮከር (የመሣሪያ ጨረታ ድረ ገጽ) ላይ የተሸጠበትን እይ እንጂ ሰው የጠየቀበትን አትይ፣ የጠየቀማ 3000 ይጠይቃል ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል።

የጎንደር ልጅ፦
ይቅርታ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ሆነብኝ፣ አያቴ ጎንደር ምንሽር አላቸው በጣም የድሮ፣ እዚህ አሜሪካ እንዲህ ከተወደደ ማምጣት ይቻላል?

የድሮ ብረት፦
አይቻልም በለው ልጄ። እዛ በአዋጅ 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝም ማንቀሳቀስም ክልክል ነው፣ የቆየ ዕቃ ከሆነ ደግሞ የቅርስ ሕጉ አለ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። እዚህ በኩል ፈቃድ ያለው አስመጪ አስቀድሞ የኤቲኤፍን (መሣሪያ የሚቆጣጠረው የፌደራል መሥሪያ ቤት) የማስገቢያ ፈቃድ ፎርም 6 ካላስጸደቀ ጉምሩክ ይይዘዋል። አያትህ ጋር ይሁን፣ ፎቶ አንሳው ታሪኩን እሳቸው በድምፅ ይንገሩህ ቅዳ።

የጋርላንዱ (ጠያቂ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ደብተሩን አነበብኩት፣ ጋሽዬ እንዳሉት ቤልጅጉም ውጅግራውም ከአስመጪው ነው የተገዙት፣ አባዬ ሥሩ ላይ በአማርኛ «ከአገር ቤት የመጣ፣ የማይሸጥ» ብለው ጽፈዋል ቤልጅጉ ገጽ ላይ። ስለዚህ እሱን አልሸጥም። ውጅግራውን ገና አልወሰንኩም። ካርባይኑንና ግሎኩን እሸጣለሁ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፣ በመኪና ሳመጣ ምን ልጠንቀቅ፣ ካርባይኑንስ ሱቅ ልስጥ ወይስ ጨረታ?

አዳኙ፦
ጥሩ አደረግክ። መንገድህ በኬንታኪ፣ በቴኔሲና በአርካንሶ ይሁን ያስቸገሩ ስቴቶች አይደሉም፣ ባዶ አድርገህ በተቆለፈ ሳጥን ትራንክ ውስጥ፣ ጥይቱን ለብቻ። በመንገድ ሆቴል ካደርክ መኪና ውስጥ ትተህ አትተኛ። በፖስታ ወይ በዩፒኤስ ራሴ እልካለሁ እንዳትል፣ ዩፒኤስና ፌዴክስ ፈቃድ ከሌለው ሰው አይቀበሉም።

ካርባይኑን ሱቅ በጥሬ ገንዘብ ቢገዛህ ሊያወጣ ከሚችለው ግማሽ አካባቢ ነው የሚሰጥህ፣ እሱም ማትረፍ አለበት። ኮንሳይንመንት ይሻላል፣ ዕቃው ሱቁ ጋር ይቀመጣል ሲሸጥ ኮሚሽን ይወስዳል፣ ፐርሰንቱን ከመስጠትህ በፊት በጽሑፍ ተቀበል። ሱቁ ገንብሮከር ላይ የሚያወጣልህ ከሆነ ደግሞ ሌላ ስቴት ያለ ገዢም ያየዋል። ከ50 ዓመት በላይ ስለሆነው የሰብሳቢ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች በቀጥታ ቤታቸው ይቀበላሉ፣ እነሱ ናቸው ጥሩ የሚከፍሉት።

የድሮ ብረት፦
ያ የሰብሳቢ ፈቃድ 30 ዶላር ነው ለ3 ዓመት፣ አባትህም ያንን ደብተር የሚይዙት ለሱ ነበር። ቤልጅጉን ለማስቀረት አያስፈልግህም። ቴክሳስ ስትደርስ ሰደፉ እርጥበት እንዳይነካው ሴፉ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት አስገባ፣ በጨርቅ ወይ በስፖንጅ ኬዝ ጠቅልለህ አታቆየው እርጥበት ይይዛል ያዝጋል። ዘይት የነካው ጨርቅ በዓመት ሁለቴ ይበቃዋል።